«የኔ ልጅ፣ ምን አሉኝ?»

ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ራውንድ ባለፈበት ሁሉ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ሲኒየሩ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፈዋል። ሬዚደንቶቹ ተከትለዋል። ተማሪው ግር ብሎ ሄዷል። አልጋው ላይ ያሉት እናት ከኋላ የቀረውን አንዱን ልጅ በጋወኑ ጫፍ ያዝ ያደርጉታል። «የኔ ልጅ፣ ምን አሉኝ?»

ከኋላ የሚቀረው ልጅ ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። መልሴም ሁሌ አንድ ነው። «ደህና ነው እናቴ፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ ብለዋል።» ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አናታቸው ላይ ቆመን ስለ ጉበታቸው፣ ስለ ሽንታቸው፣ ስለ ባላቸው አሟሟት ሳይቀር ስናወራ ቆይተን፣ ለእሳቸው የተረፈቻቸው ይህቺው ናት።

ስለ ሕክምና ትምህርታችን ሲወራ የሚነሳው የመምህር እጥረት ነው፣ የመሣሪያ እጥረት ነው፣ የኢንተርን ድካምና ክፍያ ነው። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ማንም ብዙ የማያነሳውን ነገር ላንሳ። አልጋው አጠገብ የምናወራው በሽተኛው በማይሰማው ቋንቋ ነው። ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምን ይደረግ» ብዬ አልፈው ነበር። ችግሩ ትምህርቱንም ይጎዳል፣ ምርመራውንም ያሳስታል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ጠዋት መጀመሪያ ሞርኒንግ አለ። ሌሊቱን ዲዩቲ ያደረው ቡድን ማን እንደተኛ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደተሠራ ለሲኒየሮች የሚያስረዳበት ስብሰባ ነው። ከዚያ ራውንድ ይወጣል። ሲኒየሩ (የሚያስተምሩት ሐኪም)፣ ሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊቲ የሚማሩት ሐኪሞች)፣ ኢንተርኖቹ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ)፣ ከሥር ደግሞ ገና ዋርድ የገቡት ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ሲስተር ተጨምራ፣ ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። በሽተኛውን የያዘው ልጅ ከፊት ቆሞ ፕረዘንት ያደርጋል። ዕድሜ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲመረመር ምን እንደተገኘ፣ ምን ሊሆን እንደሚችል። ሲኒየሩ በመሃል እያቋረጡ ይጠይቃሉ። ቤድሳይድ የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ለማስተማር ብቻ ተብሎ አንድ በሽተኛ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መወሰዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይደረጋል። «ራውንድ ነው! አስታማሚ ውጡ!» ጥበቃው ይጮሃል። ሳህኑ፣ ፔርሙዙ፣ ነጠላው ተሰብስቦ ይወጣል። ምክንያት አለው፤ ክፍሉ ይጠባል፣ የጎረቤት አልጋ ገመናም አለ። ግን እስቲ አስቡት። እናትየው ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚያስላቸው የምታውቀው ልጃቸው ናት። ክኒኑን ከመቼ ጀምሮ እንደተዉት የምታውቀውም እሷው ናት። ታሪካቸው በሚነገርበት ሰዓት ታሪኩን የምታውቀውን ሰው አስወጥተን፣ ትናንት ማታ አርባ ደቂቃ ያገኛቸው የ22 ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ እንዲተርክ እናደርጋለን።

ሂስትሪ፣ የሕመሙ ታሪክ ማለት ነው፣ የሚወሰደው በአማርኛ ነው፤ እንደ ቦታው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ፕረዘንት የሚደረገውም በእንግሊዝኛ ነው። በመሃል የሚንጠባጠበው ነገር ብዛቱ!

ሕመም የምንገልጽባቸውን ቃላት ብቻ ቁጠሩ። ሆድ ይቆርጣል። ጎን ይወጋል። ራስ ይፈልጣል። ጉልበት ይቆረጥማል። እግር ይነዝራል። ቁስል ይጠዘጥዛል። ደረት ያፍናል፣ ይከብዳል፣ ያቃጥላል፣ ሰቅዞ ይይዛል። ይሄ ሁሉ ለወግ ማሳመሪያ የተፈጠረ አይደለም። ቁርጠት መጣ ሄደት ሲል አንጀት ወይም የሽንት ቱቦ ውስጥ የታገደ ነገር እንዳለ ያስጠረጥራል። ትንፋሽ ሲስቡ የሚብስ ውጋት የሳንባ ሽፋን መቆጣትን ያመለክታል። የሚነዝር ነገር ከነርቭ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ያለ ምንም ክፍያ ግማሹን ሥራ ሠርቶ በአንድ ግስ አስረክቦናል። ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው ይገለብጠውና ሁሉም «ፔይን» ሆኖ ያርፋል። ከዚያ ሲኒየሩ ይጠይቃሉ፤ «ምን ዓይነት ፔይን?» ተማሪው ያፈጣል። መልሱ ማታ ተነግሮት ነበር እኮ! በትርጉም መሃል ጥሎት መጣ።

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዋርድ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ወር ነው። ስድሳ ዓመት የሆናቸው፣ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። «ልቤን ያመኛል» አሉኝ፤ እኔም «ቼስት ፔይን» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልብ ሳነብ አደርኩ። ጠዋት ፕረዘንት ሳደርግ ያላነሳሁት የልብ በሽታ አልነበረም፤ ድምፄም ሞቅ ብሏል፣ ሰዉ ዝም ብሏል፣ ለራሴ ጎበዝ መሰልኩ። ሲኒየሩ አስጨርሰውኝ ምንም አልተናገሩም። ዞር አሉና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ልብዎን ነው የሚያምዎት?»

«አዎ ልጄ። ልቤን።»

«እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ።»

እናት መዳፋቸውን ከጡታቸው ሥር፣ ከጎድን አጥንቶቹ መገናኛ በታች፣ በትክክል ጨጓራቸው ላይ አሳረፉት። «ሳልበላ ስውል እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አሉ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

ብዙ ቦታ፣ በተለይ ገጠር፣ «ልቤን» ሲባል ደረት ማለት ላይሆን ይችላል። «ኩላሊቴን» ሲባል ወገብ ነው። እኔም አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፣ ይሄን አላውቅም ልል አልችልም፤ አያቴም እንዲሁ ነው የምትለው። ግን እንግሊዝኛ ማሰብ ስጀምር አያቴን ረሳኋት። (ለጥንቃቄ፦ አንዳንድ የልብ ድካምና የልብ ጡንቻ መታፈን ራሱ ጨጓራ አካባቢ መስሎ ይሰማል። ሲኒየሩም ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ሳያሠሩ አላለፉም።)

ሰዓቱስ? ልቡ የደከመ ሰው ሌሊት አፍኖት ይነቃል፣ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው። በሽተኛው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አፍኖኝ እነሳለሁ» ይላል። ሰላሳ ሰዓት ያልተኛ ልጅ ቻርቱ ላይ «8 ፒኤም» ብሎ ይጽፋል። ጠዋት ሲነበብ ሰውየው ገና እራት ሳይበላ የሚያፍነው ሰው ሆኖ ቀረበ። ስድስት ሰዓት ተሰረቀ። ሰውየው እዚያው ተኝቶ እየሰማ ነው። ቃሉን ቢረዳ «ኧረ ሌሊት ነው ያልኩት!» ይል ነበር።

የዚህ ሁሉ ነገር አናዳጁ ክፍል ይሄ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ስህተቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን ብቻ ነው ያላስገባነው።

ጭራሽ ያልገባቸው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። የባሰው ግማሽ የገባቸው ጊዜ ነው። «ካንሰር» አማርኛ ሆኗል። «ቲቢ»፣ «ስኳር»፣ «ኦፕሬሽን»ም እንዲሁ። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ካንሰርን የሚያሳይ ምንም ምልክት አላገኘሁም» ሲል አልጋው ላይ ያለው ሰው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ለይቶ የሚሰማው አንድ ቃል ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ከዚያ ራውንዱ ያልፋል። ሰውየው እስከ ማታ ኑዛዜ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል።

ሐኪሞቹም ይህን ስለምናውቅ ሌላ ቋንቋ ፈጥረናል። ኤች አይ ቪ አንልም፣ «አርቪአይ» እንላለን። ካንሰር አንልም፣ «ማይቶቲክ» እንላለን። ቋንቋ ላይ ቋንቋ ደረብን ማለት ነው።

እዚህ ጋ ግን ለራሴ ክርክር የማይመች ነገር አለ፣ መዝለል አልፈልግም። ብዙ ዋርዶቻችን ውስጥ በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ የለም። አንዱ የሚነገረውን ሌላው ይሰማል። እንግሊዝኛው ክፋት ብቻ አይደለም፤ መጋረጃችን ነው። የአንድ ወጣት የኤች አይ ቪ ውጤት በአማርኛ ቢነገር ከጎኑ የተኙት የሠፈሩ ሰው ይሰማሉ። ስለዚህ «ሁሉም ነገር በአማርኛ ይሁን» ብሎ መፈክር ማሰማት ቀላል ነው፣ ዋርድ ገብቶ ማየት ግን ሌላ ነው። መልሱ የሚነገረውን መለየት ይመስለኛል። የደም ውጤቱ፣ የማኅፀን ታሪኩ፣ የጠረጠርነው ክፉ በሽታ መጀመሪያውኑ በሰው መሃል በየትኛውም ቋንቋ አይነገርም። ኮሪደር አለ፣ ቢሮ አለ። አልጋው ጋ የሚቀረው ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ የት ያማል፣ ምን ይሻላል፣ ምን ይብሳል፣ ዛሬ ምን እናደርጋለን የሚለው ነው። ይሄ አብዛኛው ምስጢር አይደለም። እንዲያውም የጎረቤት አልጋ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን አብረው ሲያወሩት አድረዋል።

በሽተኛ አልጋ አጠገብ ማስተማር ረጅም ዕድሜ አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ፓዱዋ ውስጥ ዳ ሞንቴ የሚባል ሐኪም ተማሪዎቹን ሆስፒታል ይዞ ይገባ ነበር። ነገሩን በአውሮፓ ያስፋፋችው ግን የሆላንዷ ላይደን ናት። እዚያ ቡርሃቨ የተባለው መምህር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሚያስተምርበት ዋርድ አልጋው 12 ብቻ ነበር፤ ስድስት የወንድ፣ ስድስት የሴት። ከዚያች 12 አልጋ የተማሩ ሰዎች ናቸው ቪየናና ኤደንብራ ሄደው ትልልቅ ትምህርት ቤቶችን ያቋቋሙት ወይም ያስተማሩት። ትምህርቱ በምን ቋንቋ ነበር? በላቲን። የላይደን ድሀ ሆላንድኛ ብቻ እየሰማ፣ በላዩ ላይ ላቲን ሲወርድበት ይውል ነበር። የእኛዋ እናት ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ ላቲኑን ከተዉት ቆይተዋል።

ከዚያው የቪየና ትውልድ አውንብሩገር የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1761 ደረትን በጣት መትቶ ድምፁን ማዳመጥን ለዓለም አስተዋወቀ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር፤ የመጠጥ በርሜል ምን ያህል እንደቀረው ሲመታ እያየ ነው ያደገው ይባላል። ጋኑን ኳ ኳ አድርጋ ጠላው መጉደሉን የምታውቅ እናት ያለው ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ልምድ ያለው ሲኒየር ጣቱን ደረት ላይ ሲያኳኳ ውሃ የቋጠረውን ሳንባ ከየት ጀምሮ እንደሆነ በእስክሪብቶ ያሰምርላችኋል። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም። አጠገቡ መቆም ይጠይቃል።

ዊልያም ኦስለር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሠራ። ተማሪው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከሚያይ ይልቅ ዋርድ ውስጥ ሥራ ተሰጥቶት፣ በሽተኛ ተረክቦ እንዲማር ያደረገ ሰው ነው። የእኛም የኢንተርንና የሬዚደንት ወግ በብዙ ዙር መንገድ ከዚያ የመጣ ነው።

«አሁን ሲቲ ስካን ባለበት ዘመን ታሪክ ምን ያደርጋል?» የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። 80 አዲስ ተመላላሽ ሕሙማን ነበሩ። ሐኪሙ የሪፈር ደብዳቤያቸውን አንብቦ ታሪካቸውን ብቻ ሰምቶ የገመተው በሽታ በ66ቱ ላይ መጨረሻም ትክክል ሆኖ ተገኘ። አካላዊ ምርመራ ሐሳቡን ያስቀየረው በ7 ሰው፣ ላቦራቶሪና ራጅ ያስቀየረው በሌላ 7 ሰው ብቻ ነው። ያኔ ኤምአርአይ አልነበረም፣ ልክ ነው። ግን ለሲቲ ስካን ወረፋ ሳምንታት በሚጠበቅበት፣ ጭራሽም ሌላ ከተማ በሚላክበት አገር ቁጥሩ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የሚመለከተው እኛን ነው። እኛ ዘንድ ውድ ዕቃው የበሽተኛው አፍ ነው። እሱን ነው በትርጉም የምናበላሸው።

አሁን ወደ ብዛቱ ልምጣ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አገሪቱ የነበሯት የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ። ከዚያ ማስፋፋት መጣ። በ2004 ዓ.ም. ብቻ በአዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተማሪ ተቀበሉ። ዛሬ ከግሎቹ ጋር ከ30 በላይ ናቸው። ሐኪም በጣም ያነሰው አገር ነው፣ መስፋፋቱን አልቃወምም። ግን መማሪያ አዳራሽ በሲሚንቶ ይሠራል። ሲኒየር በሲሚንቶ አይሠራም።

በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? አንድ ጣፊያ፣ ሃያ እጅ ማለት ነው። ከመተማና ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ካላዛር የሚባለው ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ ይዞት ጎንደር ይተኛል፤ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። ለተማሪ ይህ ወርቅ ነው፤ ፈረንጅ አገር ያለ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ ላይነካው ይችላል። እናም ሁሉም ይነካል። በተራ። ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቡድን ይመጣል። ሩማቲክ የሚባለው የልብ በሽታ ያለባት የ17 ዓመት ልጅም እንዲሁ። የጠበበው ቫልቭ ድምፅ በደንብ የሚሰማው በግራ ጎኗ ስትተኛ ነው፣ ስለዚህ «ዞር በይልኝ እህቴ» ትባላለች። ትዞራለች። ትንፋሿ ያጥራል። ቀጣዩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እያደረገ «አንዴ ብቻ» ይላታል። የስንተኛው «አንዴ ብቻ» እንደሆነ እሷ ነች የምታውቀው። ምን እየሰማን እንደሆነ ግን የነገራት የለም።

አንዴ አንዲት ሬዚደንት ከእንዲህ ያለ ሰልፍ መሃል ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ የታማሚዋ ጆሮ ላይ አደረገችላት። «ይሄውልሽ፣ ይሄ ዱብ የሚለው በሩ ሲዘጋ ነው፤ ይሄ የሚንደቀደቀው ደግሞ ደሙ በጠባቡ በር ሲያልፍ።» ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ተማሪ ሁሉ «ሰማኸው? እዚህ ጋ አድርገው» ማለት ጀመረች። አስተማሪ ሆነች በአንድ ጊዜ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ሌላው ጉዳይ ፍርሃት ነው። ራውንድ ላይ ተማሪው ዓይኑ በሽተኛው ላይ አይደለም፣ ሲኒየሩ ፊት ላይ ነው። የሚጠየቀውን እየገመተ ነው። «አላውቅም» ማለት ውርደት ነው፣ በሰው ፊት መሰደብ ያስከትላል፤ ስለዚህ ልጁ ያልመረመረውን «ኖርማል» ብሎ ይጽፋል። እኔም ጽፌያለሁ። አንድ ጊዜ «የአንገት እጢ የለም» ብዬ ፕረዘንት አደረግሁ። አልዳሰስኩትም ነበር። ሲኒየሩ አላወቁም። ሰውየው ግን ያውቁ ነበር፤ አንገታቸውን ማንም እንዳልነካው ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? በአማርኛ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ያን ውሸት ፊታቸው ላይ ቆሜ ለመናገር ድፍረቱ አይኖረኝም። እንግሊዝኛው የእሳቸውን ገመና ብቻ አልሸፈነም። የእኔንም ስንፍና ሸፍኗል።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የሁሉም ተመራቂ ራስ ምታት የመውጫ ፈተናው ነው። ይሁን፣ ፈተና መኖሩ አይከፋም። ግን ወረቀት ላይ «ልቤን» የሚል በሽተኛ አይመጣም። እዚያ የሚመጣው በሽተኛ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ የታመመ ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች የእኛ ችግር የላቸውም፣ የራሳቸው ግን አላቸው። ኦስለር ባስተማረባት በዚያችው ባልቲሞር ኢንተርኖችን እየተከተለ ሰዓታቸውን የመዘገበ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ነበር። ከበሽተኛ ጋር ያሳለፉት 12 በመቶ፣ ኮምፒዩተር ላይ ያሳለፉት 40 በመቶ። ይህን ነገር አምርረው ከሚናገሩት አንዱ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው አብርሃም ቨርጌዝ ነው። ወላጆቹ ከህንድ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ ሕክምና የጀመረው እዚሁ ነው፣ አብዮቱ ሲያናውጠው ህንድ ማድራስ ሄዶ ጨረሰ። አሁን ስታንፎርድ ያስተምራል። ስክሪን ላይ ያለውን በሽተኛ «አይፔሸንት» ብሎ ሰየመው፤ ሁሉም ሰው እሱን ሲያክም እውነተኛው ሰውዬ አልጋው ላይ ዶክተሮቹ የት እንደሄዱ ይገረማል ነው ነገሩ። ስታንፎርድ ውስጥም ተማሪ በእጁ ማወቅ ያለበትን 25 የአልጋ ዳር ምርመራ ለይቶ ማስተማር ጀመሩ። እኛ ዘንድ ኮምፒዩተሩ ገና እየገባ ነው። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ እጁም ሆድ ላይ ነው። የጎደለው ወሬው ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» ለሚለኝ፣ ሥልጣን የለኝም እንጂ ቢኖረኝ አልጋው ጋ ፕረዘንቴሽኑ በበሽተኛው ቋንቋ እንዲሆን አደርግ ነበር። የበሽታውን ዝርዝር፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ የጥናቱን ወሬ ከዚያ ወጥተን በእንግሊዝኛ እንጨርሰው። አንድ አስታማሚ ይቅር። ተማሪው ሲጨርስ ወደ ሲኒየሩ ከመዞሩ በፊት ወደ በሽተኛው ዞሮ «ያጎደልኩት አለ?» ይበል።

ወዲያው የሚመጣውን አውቃለሁ። «አማርኛ የሕክምና ቃል የለውም።» ለመድኃኒት ቤቱ የለውም ይሆናል፣ ለሕመሙ ግን ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፣ ከላይ አሳይቻለሁ። «ጊዜ ይፈጃል።» የተሳሳተ ታሪክ ይዞ ሦስት ቀን የማያስፈልግ ምርመራ ማዘዝስ? ከበድ ያለው ሌላ ነው። የጎንደሩ ልጅ ጅማ ይመደባል፣ የወላይታው ጅግጅጋ። ልጁ ራሱ ቋንቋውን አይችልም። ያኔ አስተርጓሚው የፅዳት ሠራተኛዋ ትሆናለች፣ ወይም እግሩ ተሰብሮ ከጎን የተኛው ወጣት። ለዚህ ቀላል መፍትሔ የለኝም። አስታማሚዋን ከማስወጣት መጀመር እንደሌለብን ግን ይታየኛል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የምትችለው ብዙ ጊዜ እሷ ናትና።

ሲኒየሮቹም ይህን የማያውቁ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሚያደርጉት አሉ፣ ጥቂት ናቸው እንጂ። በኋላ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ ሐኪም ነበሩ። ራውንዳቸው ላይ ደንብ አላቸው። አልጋው አጠገብ እንግሊዝኛ አይፈቀድም፣ ያመለጠው ሰው ለቡድኑ ማኪያቶ ይጋብዛል። ብዙ ማኪያቶ ጠጥተናል።

ኅዳር ላይ ነው። ሳል ይዟቸው የተኙ አንድ አባት አሉ፤ ቆባቸው ራስጌያቸው ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ክብደታቸው ቀንሷል፣ ማታ ማታ ያልባቸዋል። የሚያቀርበው ልጅ አዲስ ነው፣ አማርኛው ራሱ ተንቀጠቀጠበት። «አባባ ሳል የጀመራቸው ከፍልሰታ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ከምናምን...»

«ኧረ የለም ልጄ» አሉ አባት፣ ከትራሳቸው ቀና እያሉ። «የአምናው መሰለህ? የካቻምናው ፍልሰታ ነው እንጂ!»

ክፍሉ ዝም አለ። ዓመት ከሦስት ወር። ልጁ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«ሌላስ አባባ?» አሉ ሲኒየሩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጡ።

«ሌላማ ብዙ አለ» አሉ አባት። «ማን ጠየቀኝ?»